ጤነኛው ማይክ

ሰፈሩ ባለጆሮዋ የሚላት ጠጋኝ ዕቃ ከመክፈቷ በፊት ሰው ታስጮኻለች።

ራዲዮ፣ ስፒከር ወይም ሄድሴት ይዞ ለመጣ ሁሉ ጥያቄዋ አንድ ነው። "ምን ይላል?" ደንበኛው "ይረብሻል" ካላት ራሷን ትነቀንቃለች። "መረበሹን ተወውና እንደሱ ሁንልኝ።" ያኔ ከረባት ያሰረ የባንክ ሰው ሳይቀር ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጥርሱን ገጥሞ "ዝዝዝዝ" ይላል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። "ዝዝ" ካለ ጣጣው ከኮረንቲው ነው። "ሽሽ" ካለ የማይኩ ጉልበት ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። "ጭር ጭር" ካለ ገመዱ ውስጥ ሽቦ ተበጥሶ ጫፍና ጫፉ እየተነካካ ነው። "ቋ" ካለ መሰኪያው ላልቷል። ከአሥሩ ዘጠኙን እዚያው ከሰውየው አፍ ላይ ታገኘዋለች። የመበየጃ ካውያዋን የምታግለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከጎኗ ያለው ልብስ ሰፊ ይህን ትርኢት ሃያ ዓመት በነፃ አይቷል።

"ዛሬ ደግሞ ማንን አስጮኽሽ?" ይላታል በስሱ ግድግዳ በኩል።

"አንድ ዳኛ።"

"ምን አለ?"

"ቋ ቋ።"

"እኔንም ችሎት ላይ እንደዚያው ነው ያለኝ።"

ሱቋ የደረጃ ሥር ነው። ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ጣሪያዋ ይረገጣል፤ ረጅም ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያወራት። ሙያው የባሏ ነበር። ባሏ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ እሱ እያዳመጠ እሷ ትበይድ ጀመር። ሲሞት ማዳመጡም ለሷ ቀረ። ልጅ አልነበራቸውም። የተወላት አንድ ሙሉ መሳቢያ ብሎንና ሁለት ሕግ ነው። አንደኛው፣ በዓይንሽ ያላየሽውን ብልሽት በስም አትጥሪ። ሁለተኛው፣ የቀየርሽውን ዕቃ ለባለቤቱ መልሺ፣ ይየው። ሁለቱንም እንደጠበቀች ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ደረሰ።

እናትየው የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች፤ እጆቿ ከእንፋሎቱ ብዛት ቀልተው ተላልጠዋል። ከቦርሳዋ ጥቁር የጌም ሄድሴት አወጣች። ትልልቅ የጆሮ ስፖንጅ አለው፤ ከግራው በኩል ቀጭን ማይክ እንደ ጣት ወደ አፍ ይወጣል።

"ምን ይላል፣ እማማ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። የሚያጠልቀው ልጄ፣ የሚሰሙት ሩቅ ያሉት ጓደኞቹ። እኔ መሃል ላይ ተሸካሚ ነኝ።"

"እነሱ ምን ይላል አሉ?"

"ይረብሻል አሉ። ስታወራ ከኋላህ የሆነ ነገር አለ፣ አሉት።"

"እስቲ እንደሱ ይሁኑልኝ።"

ሴትዮዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። አሰበች። ከዚያ ሕፃን እንደምታስተኛ ሰው ቀስ ብላ "ሽሽ፣ ሽሽ" አለች። ልብስ ሰፊው ግድግዳው ማዶ ሳቀ።

ልጇ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ድንጋይ ቆራጭ ነበር። ለወለልና ለደረጃ የሚሆን እብነ በረድ በሚቆርጥ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። አራት ሆነው አንድ ረድፍ መጋዝ ይይዙ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አራቱም አራት ከተማ ተበተኑ። አሁን የሚገናኙት የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እያንዳንዱ ከቤቱ ገብቶ፣ አራት ሆነው አንድ ምሽግ ይጠብቃሉ። በምሽጉ ከሚጫወቱት የሚያወሩት ይበልጣል።

"ብርድ መትቶት ደረቱ ላይ ቀረበት" አለች እናትየው። "ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ከወረደ መውጣቱ መከራ ነው። አይወጣም። ቀኑን ሙሉ ያችን ማታ ነው የሚጠብቀው። አሁን ምን አሉት፣ ውድድር ደርሶብናል፣ ወይ ማይክህን አሠራ ወይ በምትክህ ሌላ ሰው እናስገባለን። ቀልድ ነው ይላል እሱ። ቀልድ ከሆነ ታዲያ ሁለት ቀን ለምን እህል አልቀመሰም?"

ባለጆሮዋ ሄድሴቱን ተቀበለች።

በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካችው፤ ሽቦው አልተበጠሰም። ገመዱን በየጣቱ ስፋት እያጠፈች አዳመጠች፤ ጭር አላለም። የገመዱን መሰኪያ፣ ጃኩን፣ በአልኮል ጠረገች። የማይኩን ስፖንጅ አውልቃ አጥባ መለሰች። ከጎን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሰክታ ከአንድ እስከ ሃያ ቆጥራ ቀዳችው። ስታዳምጠው የራሷ ድምፅ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ለእናትየው እውነቱን ነገረቻት። "ጤነኛ ነው። ምናልባት ጃኩ ቆሽሾ ይሆናል፤ ጠርጌዋለሁ።"

ሐሙስ ተመለሰች። "አሁንም አለ አሉ። ገመዱ ነው መሰለኝ።"

ጃኩን ቆርጣ አዲስ በየደችለት። አሮጌውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

ሰኞ ተመለሰች። ሄድሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

"እማማ፣ ይሄ ዕቃ እኔ ጋ ሲመጣ ጤነኛ ነው። እርስዎ ቤት ሲገባ ነው የሚታመመው። ቤት ካላየሁት አይሆንም።"

"ዛሬ ማታ ነይ። ሁሉም ሲኖሩ።"

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር ኮምፒውተር። ቆራጩ ከጀርባው ሁለት ትራስ ደራርቦ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ትከሻው የጉልበት ሠራተኛ ትከሻ ነው፤ ሸሚዙ ግን ከላዩ ላይ የተሰቀለ ይመስላል።

"ሰው የሚያስጮኹት እርስዎ ነዎት?" አላት።

"እኔ ነኝ። አንተም ተራህ ይደርሳል።"

"እኔ ከጮኽኩማ ጎረቤት አምቡላንስ ይጠራል።"

ሥራ ጀመረች። ማራገቢያውን ነቀለች። የስልኩን ቻርጀር ከጠረጴዛው አራቀች። መሰኪያውን ከኮምፒውተሩ ፊት አውጥታ ከኋላው ሰካች። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የማይኩን ጉልበት በግማሽ ቀነሰች። አንድ ነገር በነካች ቁጥር ከስፒከሩ የጓደኞቹ ድምፅ ይመጣል። ጎልቶ የሚሰማው በርሜል የሚሉት ነው።

"አሁንስ?" ትላለች።

"አለ።"

"አሁንስ?"

"ኧረ አለ። እትዬ፣ ይጣሉትና ሌላ ይግዛ።"

"ስማ፣ አንተ በርሜል የምትባለው። ምን ይላል? እንደሱ ሁንልኝ።"

ሌሎቹ ሳቁ። "ተጠይቀሃል እኮ፣ ጩህ" አለው አንደኛው።

በርሜል ጉሮሮውን ጠረገ። አየር ወደ ውስጥ ሳበና በቀጭኑ ለቀቀው። "ሲር፣ ሲር ይላል። ቆም ይላል። ደግሞ ሲር ሲር።"

የባለጆሮዋ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ።

ሽቦ ዝዝ ይላል፣ ሽሽ ይላል፣ ጭር ጭር ይላል። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ሲር ሲር የሚል ሽቦ ያመጣላት ሰው የለም። ሲር ሲር የሚለው የሰው ደረት ነው። ይህን ለማወቅ ጠጋኝ መሆን አያስፈልግም፤ ታማሚ ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

"እስቲ አንዴ ስጠኝ" አለችና ሄድሴቱን ከራሱ ላይ አውልቃ ራሷ አጠለቀችው። "አሁንስ?"

"ጠፋ" አለ በርሜል። "ጭራሽ የለም። ምኑን ነኩት?"

መልሳ አጠለቀችለት።

"መጣ" አለ በርሜል።

እናትየው የታጠፈ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። "ጠፋ አለ እኮ" አለች። "ሰምቻለሁ፣ ጠፋ አለ። ምኑ ነው፣ ልጄ?"

ቆራጩ ማይኩን በእጁ ሸፈነና ባለጆሮዋን አያት። ዓይኑ አልለመነም፣ አላስፈራራም። ብቻ ይጠብቃል። ባለጆሮዋ የክፍሉን ዕቃ አንድ በአንድ አየች፤ አንዱም አልተበላሸም።

"ገመዱ ነው፣ እማማ።"

ላላየችው ብልሽት ስም ስትሰጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

"ብዬህ አልነበር?" አለች እናትየው ለልጇ። "ገመዱ ነው ብዬህ አልነበር? ሻይ ላምጣላችሁ።" ወጣች።

ቆራጩ እግሯ እስኪርቅ ጠበቀ። ማይኩን ዘጋው።

"ጥሩ ይዋሻሉ፣ እትዬ።"

"ለምጄው አይደለም።"

"እኔ አውቀዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔ ግን ዘመዴ ሆኖ ቀድሞ ነገረኝ። ትንፋሼን ስይዝ ድምፁ ይጠፋል።"

"ታዲያ እናትህን ሦስት ጊዜ ለምን አመላለስካቸው?"

"እኔ መቼ አመላለስኳት? ራሷ ናት 'ገመዱ ነው' ያለችው። ገመድ ከሆነ ይሠራል። አይ፣ ገመድ አይደለም ልበላት?"

"ሐኪም ምን አለ?"

"የድንጋዩ አቧራ ነው አለ። ስንት ሰው ቤት ወለል አነጠፍኩ፤ የተረፈው እኔ ውስጥ ተነጠፈ። እሷ ከሐኪሙ ክፍል ውጭ ነበረች ያኔ። ስወጣ 'ብርድ ነው አለኝ' አልኳት።" ለማረፍ ቆም አለ። ሲር ሲር ሲል አሁን ያለ ማይክ ሰማችው። "እነሱ ግን እንዳያስወጡኝ ያድርጉ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።"

ባለጆሮዋ ወደ ሴቲንግ ተመለሰች። ማይኩ ሁልጊዜ ክፍት እንዳይሆን፣ ቁልፍ ሲጫን ብቻ እንዲከፈት አደረገችው። ከግራ አውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ቁልፍ መረጠችለት። "ትንፋሽህን ሳብ፣ ያዝ፣ ተጫን፣ ተናገር፣ ልቀቅ። ከዚያ እንደፈለግህ ተንፍስ። አይሰሙህም።"

ሞከረው። ሳበ፣ ያዘ፣ ተጫነ። "በርሜል፣ ግራውን በር ማን ነው የሚጠብቀው?" ለቀቀ። ጠረጴዛውን ይዞ ጎንበስ አለ፤ የቀረውን አየር የሚያሳድድ ይመስል።

"ጸዳ" አለ በርሜል። "እንደ ብርጭቆ ነው። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ።"

እናትየው ሻዩን ይዛ ስትገባ ይህን ሰማች። ትሪውን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። "አሮጌውን ገመድ ስጪኛ።" ሕጉን ለምዳዋለች። ባለጆሮዋ ቦርሳዋን በርብራ የሌላ ሰው የተበጠሰ ገመድ አገኘችና ሰጠቻት። ሻዩን ቆማ ጠጣች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ደህና ሆነ። ምትክ ሰው አልገባም። እናትየው ከሥራ ስትመለስ በደረጃው ሥር ብቅ እያለች ወሬ ትነግራታለች፤ ትላንት አሸነፉ፣ ከትላንት በስቲያ ተሸነፉ፣ በርሜል እየተሳደበ ነበር። በየሦስት ሳምንቱ ግን ሄድሴቱን ይዛ ትመጣለች። "ገመዱን እይልኝ፣ ልጄ። እንዳይደግመው።" ባለጆሮዋ ትከፍተዋለች፣ ትለካለች፣ ትጠርጋለች፣ ትዘጋዋለች። ጤነኛ ዕቃ መጠገን ከተበላሸው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል።

"ያ ሄድሴት ካንቺ ጋር ተጋባ እንዴ?" አላት ልብስ ሰፊው አንድ ቀን።

"ዝም ብለህ ስፋ" አለችው። ከዚያ በኋላ ስለሱ አላነሣም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ ድምፁን ግን አወቀችው።

"በርሜል ነኝ፣ እትዬ። ስልኬን ላሠራ ብዬ ዋሽቼ ከሱ ነው ቁጥርዎን የወሰድኩት።"

"ምን ሆነ?"

"ድምፁ ይቆረጣል። 'ከግራ መጡ' ሊል 'ከግ' ይልና ይጠፋል። ቁልፉን ጣቱ አይዘውም መሰለኝ። ሰሞኑን ጭራሽ ዝም ብሏል፤ እያለ የሌለ ሆነ።"

"ያ ማለት..."

"ማለቱን አውቃለሁ" አለ። "ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። እኔ ራሴ፤ ሳል ይዞኝ ከርሞ። ዶክተሩ ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ አድርጎ አዳመጠና ለነርሷ ምን አላት? 'ሲር ሲር ይላል' አላት። እርስዎ ያኔ ምን ይላል፣ እንደሱ ሁንልኝ ሲሉኝ እንዴት አድርጌ እንደነገርኩዎት ያስታውሳሉ? በራሴ ደረት ነው የነገርኩዎት። አራታችንም አንድ መጋዝ ሥር ነው የኖርነው።"

ባለጆሮዋ ካውያውን ነቀለችው።

"ማይኩን ክፍት ያድርጉለት" አለ በርሜል።

"ክፍት ከሆነ ያ ድምፅ ይመለሳል።"

"ይመለስ።"

"ሌሎቹስ?"

"ነግሬያቸዋለሁ። ውድድሩንም ትተነዋል። እኔ ብነግረው እሺ አይለኝም፤ የሐዘኔታ ነው ይላል። እርስዎ ጠጋኝ ነዎት፣ የሚሉትን ይሰማል።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ድምፅ እንድታጠፋ እንጂ እንድትመልስ ጠይቋት አያውቅም። የዚያኑ ዕለት ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረጃውን ወጣች።

ወንበሩ ባዶ ነው። ቆራጩ አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ ወደሱ ተጠግቷል። እናትየው ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች፤ ጥግ ላይ የራሷን ቤት አንሶላ ታጥፋለች።

"ቁልፉን ላነሣልህ ነው የመጣሁት" አለችው። "ማይኩ ክፍት ይሆናል።"

"አያደርጉትም። ያባርሩኛል።"

"እነሱ ናቸው የላኩኝ።"

አያት። "አወቁ?"

"አወቁ።"

"ማን ነገራቸው?"

"በርሜል ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር።"

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የተናገረችው የገባት። ቆራጩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የገዛ በሽታውን ሲነግራት ቀልዶ ነበር። አሁን አልቀለደም።

"እሱ ሁለት ልጅ አለው" አለ ለግድግዳው።

እናትየው ማጠፏን አቁማለች። "ገመዱ ነው?" አለች። "ያው ገመዱ ነው የተበላሸው?"

ባለጆሮዋ አፏን ከፈተች። ቆራጩ ግን ቀደማት።

"ይክፈቱት" አለ። "በስፒከሩም ያውጡት። ትስማ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ዋሽተን ስንት ወር እንዘልቃለን፣ እትዬ? እኔ እንደሆነ..." አልጨረሰውም።

ቁልፉን አነሣች። የማይኩ ድምፅ በስፒከሩ እንዲወጣ አደረገች፤ እንዳይጯጯሁ ስፒከሩን ከማይኩ አዙራ ድምፁን ዝቅ አደረገችው። ሄድሴቱን አጠለቀችለት።

ክፍሉን ሞላው። ሲር ሲር። ቆም ይላል። ሲር ሲር። የአልጋው ልብስ ከድምፁ ጋር ይነሣል፣ ከድምፁ ጋር ይወርዳል። ገመድ ነው የሚል ሰው ሊኖር አይችልም።

እናትየው አንሶላውን እንደያዘች ቆማ አዳመጠች። ብዙ ቆየች። ከዚያ አንሶላውን አልጋው ጫፍ ላይ አኖረችና ባዶውን ወንበር ስባ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

"ሌሊት በግድግዳ ከምሰማው ይልቅ እዚህ ጥርት ይላል" አለች።

"እማማ፣ ያን ቀን ገመዱ ነው ስልዎት..."

"ተይው፣ ልጄ። እኔም ገመድ ነው ብዬ ነው ያመጣሁልሽ።"

ባለጆሮዋ ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ እዚያ የምታስተካክለው ነገር ግን አልቀረም። ቆራጩ ሳይናገር እጁን ወደ እናቱ ጉልበት ሰደደ። እናትየው በተላላጠው እጇ ያዘችው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስም ስክሪኑ ላይ ተደረደረ።

"ገብታችኋል?" አለ በርሜል። ድምፁ እንደ ድሮው ወፍራም ነው። "ስምህ ላይ መብራት አለ፤ ክፍት ነህ። ጎሽ።" አዳመጠ። "ሌላም ሰው ይሰማኛል። ማን ነው እዚያ?"

ቆራጩ ሊመልስ አየር ሳበ፤ አልበቃውም። እናትየው ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች።

"እኔ ነኝ" አለች። "እናቱ ነኝ። ተጫወቱ።"

ከወዲያኛው በኩል ከሦስቱ አንዱን ሳል ያዘው፤ የትኛው እንደሆነ ባለጆሮዋ እንኳ መለየት አልቻለችም። ከዚያ በርሜል "ግራውን በር እኔ እይዛለሁ" አለ፤ ጨዋታው ተጀመረ።